ከቆርቆሮው ወዲያ የሰማነው ድምፅ

ቅዳሜ ጠዋት ተኩሱ ጋብ ሲል መጀመሪያ ያስተዋልኩት የዶሮ ድምፅ እንኳን አለመኖሩን ነው። የጁባዋ ሰፈራችን ማላኪያ እንደዚያ ዝም ስትል ሰምቻት አላውቅም። በሌላ ቀን ቢሆን በዚያ ሰዓት ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ የውሃ ቦቴው ጥሩምባ፣ ከየሱቁ የሚለቀቀው ዘፈን ተደራርቦ ሰው ከሰው አያደማምጥም። ያን ቀን የሰማሁት የገዛ ጫማዬን ኮቴ ብቻ ነበር። በሆቴሉ ኮሪደር ስሄድ የሚከተለኝ ሰው ያለ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ዞር ብያለሁ።

ሆቴሏ አሥራ አራት ክፍል ያላት ትንሽ ናት፤ የምሠራው እዚያ ነበር። ክፍሎቹን የማሰናዳውም አንሶላውን የማጥበውም እኔ ነኝ፤ የማድረውም እዚያው ጓሮ ካለች ክፍል ነው። ባለቤቱ ከጎንደር የመጡ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጥብቅ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ንጋት ላይ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ሳይጸልዩ ቁርስ አይቀምሱም። እኔ ጴንጤ ነኝ። ሦስት ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር ስለ ሃይማኖት አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። እሳቸው ሲጸልዩ እኔ በሌላ በኩል ዞሬ አልፋለሁ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ «ዛሬ እነዚያ ሰዎችሽ ዘንድ አትሄጂም?» ይሉኛል። «ሥራ አለብኝ» እላለሁ። በዚህ ያበቃል።

እውነቱን ለመናገር ጴንጤነቴ በዚያን ጊዜ ስሙ ብቻ ነበር የቀረው። ሆሳዕና እያለሁ ዘማሪ ነበርኩ፤ ሰው ሠርግና ለቅሶ ላይ እየፈለገ የሚያስዘምረኝ። ከዚያ አንገቴ ላይ እንቅርት ወጣና ኦፕራሲዮን ሆንኩ። እንቅርቱ ሄደ፤ ድምፄም አብሮት ሄደ። የቀረልኝ ሻካራ፣ መሃል ላይ የሚሰበር ድምፅ ነው። ስልክ ሳነሳ «ወንድሜ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ጉባኤው እጁን ጭኖ ጸለየልኝ፤ አልተመለሰም። መጀመሪያ መዘመሩን ተውኩ፤ ቀጥሎ ጉባኤ መሄዱን፤ ጁባ ከገባሁ በኋላ መጸለዩንም። አልካድኩም። እኔና እግዚአብሔር ተኳርፈን ነበር ማለት ይቀላል።

እንግዶቻችን ነገሩ አላምር ሲላቸው ሐሙስ ዕለት ወደ ኤርፖርት ሄደዋል። ዘበኛው አርብ ከሰዓት ቤተሰቡን ሊያይ ብሎ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። አርብ ማታ ተኩሱ ሲጀመር ግቢው ውስጥ የነበርነው ጋሼና እኔ ብቻ ነን። ፍራሾቹን ከየክፍሉ ጎትተን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን አስደግፈን ከሥራቸው ተኛን። እኔ ልጸልይ ብዬ አፌን ስከፍት «ጌታ ሆይ» ከሚለው በቀር የሚመጣልኝ ቃል አጣሁ። እሱኑ ደጋግሜ አልኩት። ጋሼ ከወዲያ በኩል በግዕዝ ይጸልያሉ። አንዱም ቃል አይገባኝም ነበር፤ ግን የሳቸው ድምፅ ሲቋረጥ እኔም አቆማለሁ፣ ሲቀጥል እቀጥላለሁ። ሲነጋ ጉሮሯቸው ደርቆ ውሃ እንድሰጣቸው በእጃቸው ነው የጠቆሙኝ።

የሰማነው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ጓሮ ያለው የልብስ ማጠቢያችን ከጎረቤት ግቢ የሚለየው በቆርቆሮ አጥር ነው። ጎረቤታችን ዕቃ ከኡጋንዳ የሚያስመጣ ነጋዴ ነበር፤ ግቢውን ቆልፎ ከሄደ ከርሟል። እዚያ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከዛፉ ሥር የተሰነጠቀ ጥቁር የውሃ ሮቶ በጎኑ ተጋድሞ አጥራችንን ተደግፏል። እኔ ባልዲ ላነሳ ስወጣ የጎረቤት ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሦስት ሆነው በተርታ ቆመዋል። አባ ኮዳ ጁባ ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ ቆሻሻ ባለበት ሁሉ አለ። እነዚህ ግን ቆሻሻ አይፈልጉም። ሦስቱም መላጣ አንገታቸውን ወደ ዛፉ ሥር አዝምመው ዝም ብለው ያያሉ።

ከዚያ መዝሙሩ መጣ። የሴት ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ከመሬት በታች የሚወጣ የሚመስል። ቃላቱ አይለዩም፤ ዜማውን ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ለትንንሽ ልጆች የሚያስተምሩት፣ ወንዝ ስለ መሻገር የሚናገር መዝሙር ነው። ጠጉሬ ቆመ። የዘመርኩት እኔ ራሴ የሆንኩ ያህል አፌን በእጄ ያዝኩ። ድምፁ የኔ የድሮው ድምፅ ይመስል ነበር።

ጋሼን ጠራኋቸው። መጡ፤ ቆመው አዳመጡ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

«ይሰማኛል» አሉና አማተቡ። «ግቢ። በሩን ዝጊው።»

ያን ምሽት ስለ ነገሩ አላወራንም። እኔ የማስበው ሁለት ነገር ነበር፤ ወይ አእምሮዬ ተነክቷል፣ ወይ ልሞት ነውና እየተጠራሁ ነው። ጋሼም ስለሰሙት ግን አእምሮዬ ነው ብዬ እንኳን ልጽናና አልቻልኩም።

እሁድ በዚያው ሰዓት ደግሞ ተዘመረ። በዚህ ጊዜ ቀረብ ብሏል፤ ድምፁም ከትናንቱ ወፈር ያለ መሰለኝ። ጋሼ ፊት ለፊት ያለውን በር እየጠበቁ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻዬን ወደ ቆርቆሮው ሄድኩ። ፀሐይ አግሎት ጆሮዬን ስለጥፍበት አቃጠለኝ።

«ማነው?» አልኩ በአማርኛ።

መዝሙሩ ቀጥ አለ። እስትንፋስ እንኳን አልነበረም። ዘወር ልል ስል፣ ከሮቶው ሆድ ውስጥ፣ ከእግሬ አንድ ክንድ በማይሞላ ቦታ፣ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«እህቴ፣ ውሃ።»

ሮጥኩ። አላፍርበትም፤ ነጠላ ጫማዬን ጥዬ ሮጥኩ። ጋሼ ዘንድ ደርሼ «ተናገረችኝ! ውሃ አለችኝ!» ስላቸው ትንፋሼ ተቆራርጧል።

እሳቸው ከወንበራቸው ተነሱ።

«ልጄ፣ መንፈስ ውሃ አይጠማውም» አሉ። «ያ ሰው ነው።»

ዲጅኖ አምጥተው የቆርቆሮውን ግርጌ ቀስ ብለው ፈለቀቁት። ድምፅ እንዳያወጣ እኔ በእርጥብ አንሶላ ጠቅልዬ ይዤዋለሁ። የሮቶው አፍ ወደኛ ዞሮ ኖሯል። በስንጥቁ በምትገባው ብርሃን መጀመሪያ ያየሁት ሁለት ዓይን ነው፤ ቀጥሎ ከዓይኖቹ ዝቅ ብሎ ሌላ ሁለት ትንንሽ ዓይን። ሴትየዋ ሕፃን ታቅፋለች።

ካቀበልኳት ውሃ መጀመሪያ ጣቷን እየነከረች ልጅቷን አስመጠጠቻት፤ ከዚያ ራሷ ጠጣች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ አማርኛዋ ግን ከኔ የጠራ ነው። ጋምቤላ ተወልዳ እዚያው ተምራ ያደገች፣ ትዳር ይዛ ወደ አባቷ አገር የተመለሰች ሰው ናት። አርብ ማታ የታጠቁ ሰዎች ቤት ለቤት የሷን ወገን እየለዩ ሲያወጡ ባሏ በጓሮ አስወጣት። «ሂጂ፣ እኔ እደርስብሻለሁ» አላት። አልደረሰባትም። የአምስት ወር ሴት ልጇን ይዛ ቅዳሜን ሙሉ ቦይ ውስጥ ተኝታ ዋለች።

«ልጅቷ ስታለቅስ በዚህ መዝሙር ብቻ ነው ዝም የምትለው» አለች። «ላለማዜም ሞከርኩ። ብታለቅስ ይሰሙናል፣ ብዘምርም ይሰሙናል። መዝሙሩ ይሻላል አልኩ።»

«ትናንትም ሰምተንሻል» አልኳት። «በዚሁ ሰዓት።»

አየችኝ። «ትናንት በዚህ ሰዓት ቦይ ውስጥ ነበርኩ። እዚህ የገባሁት ከመሸ በኋላ ነው።»

ጋሼና እኔ ተያየን። እሷ ደግሞ ልጅቷ የተጠቀለለችበትን ጨርቅ ከፍ አድርጋ አሳየችን፤ የዚህ አገር ሴቶች ትከሻቸው ላይ የሚቋጥሩት ዓይነት፣ ቢጫ አበባ ያለበት። «ይሄ የኔ አይደለም» አለች። «ስገባ እዚህ ውስጥ ነበር፤ በደንብ ታጥፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ደግሞ በላስቲክ ጠርሙስ ትንሽ ውሃ። ከኔ በፊት የነበረች ሰው አለች።»

ያች ሰው ማን እንደሆነች፣ ወዴት እንደሄደች፣ በሕይወት ትኑር አትኑር እስከ ዛሬ አናውቅም። ቅዳሜ ያየኋቸው አባ ኮዳዎችም በማግሥቱ ጣሪያው ላይ አልነበሩም። ስለዚህ ብዙ አስቤ ልጨርሰው ስላልቻልኩ እንዳለ ትቼዋለሁ።

ጋሼ «ነይ ግቢ፣ በዚህ በኩል ትሾልኪያለሽ፣ ክፍል አለ» አሏት።

«አይሆንም አባቴ» አለች። «የታጠቁት ሰዎች ይህን ሮቶ አንዴ በባትሪ አይተው አልፈዋል፤ ወደ ጥግ ተጠግቼ ስለነበር አላዩኝም። የእናንተን ቤት ግን ገና አልፈተሹም። ቤታችሁ ቢያገኙኝ እናንተንም ይገድላሉ።»

ጋሼ ሊከራከሯት አሰቡና ተዉት። ትክክል ነበረች። ምግብና ውሃ፣ ለልጅቷም የተቀደደ ንጹሕ አንሶላ በቀዳዳው አቀበልናትና ቆርቆሮውን መለስነው።

ያን ምሽት ጋሼ ሲጸልዩ በሌላ በኩል አልዞርኩም። ከኋላቸው ቆምኩ። እሳቸው በግዕዝ፣ እኔ በልቤ በአማርኛ። የልቤን አልደበቅኩትም፤ «ድምፄን ወሰድክብኝ፣ እሺ፤ እነዚህን ሁለቱን ግን አትውሰድ» አልኩ። ጸሎት ይሁን ጠብ አላውቅም። ከዓመታት በኋላ መልሼ ያናገርኩት ግን ያን ጊዜ ነው። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ከፍርሃቱ ጋር አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ያለ ያህል ነው የተሰማኝ።

ሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መጡ። የፊት ለፊቱ በር በሰደፍ ሲደበደብ ጋሼ ሄደው ከፈቱ። ሦስት ናቸው። አለቃቸው ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ካጣ ሰው ዓይን በላይ ቀልቷል። የሆቴሉን ቴሌቪዥን፣ ስልኮቻችንን፣ አንድ ኩንታል ዱቄት አወጡ። የሚሄዱ ሲመስለኝ አለቃው ወደ ጓሮ ዘለቀና ማጠቢያው አጠገብ ቆመ። ከሮቶው የሚለየው ያ ቆርቆሮ ብቻ ነው።

«ሀበሻ» አለ በዓረብኛ። «እዚህ ሴት ስትዘምር ሰምተናል ያሉ ሰዎች አሉ። ሙኑ?»

«ሙኑ» ማን ማለት ነው። ጋሼ «ናስ ማፊ» አሉት፤ ሰው የለም ለማለት። ሰውየው እሳቸውን አላየም። የሚያየው እኔን ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አንደኛው ሳቀ። የኔን ድምፅ ሰምቶ ነው የሳቀው።

«አንቺ?» አለኝ አለቃው። «ድምፅዋ ያማረ ነው ብለውኛል።» ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ገልብጬ ያስቀመጥኩት የልብስ ገንዳ ላይ ተቀመጠ። «ዘምሪ።»

የተሰበሰበ ሰው ፊት ዘምሬ አላውቅም፤ ማለቴ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ። ጋሼን አየኋቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እጃቸው ከነጠላቸው ሥር መስቀላቸውን ጨብጧል። ዓይኔን ጨፈንኩና ያንኑ የወንዙን መዝሙር ጀመርኩ።

ለሆነው ነገር ማሳመሪያ አልጨምርበትም። ድምፄ አልተመለሰም። ያን ቀን የወጣው ያው የተቀደደው፣ ዜማው ከፍ ሲል የሚሰበረው፣ ዝቅ ሲል የሚጠፋው ድምፅ ነው። ሳላፍርበት የዘመርኩት የመጀመሪያው ቀን ግን ያ ነው። የማፍርበት ቦታ አልነበረኝም። ሁለተኛው አዝማች ላይ ከቆርቆሮው ወዲያ የድመት ግልገል ድምፅ የመሰለች ትንሽ ነገር ሰማሁ። ልጅቷ ነቅታለች። ድምፄን ለቀቅኩት፤ ጉሮሮዬ የሚፈነዳ እስኪመስለኝ ድረስ። ያች ትንሽ ድምፅ ቆመች።

ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ዓይኔን ስገልጥ ሰውየው ነው። አፉን ሳይከፍት ከኔ ጋር ዜማውን ይዟል። ዜማው በየአገሩ በየቋንቋው የሚዘመር ነው፤ እሱም ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ተምሮት ይሆናል። ጠመንጃው ላይ ባሉት ጣቶቹ ቀስ እያለ ይመታል። በሦስቱም ቀን የተኩሱን ያህል፣ ከተኩሱም በላይ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ለማን ነው የሚዘምረው? እኔ የለመንኩትን እሱም ይለምነዋል? ቃላቱ ሊጠፉብኝ ነበር። ላቆመው ፈለግሁ፤ ባቆመው ደግሞ ልጅቷ አለች። ስለዚህ ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀምጠንና ቆመን፣ እሱ እያንጎራጎረ እኔ እየዘመርኩ እስከ መጨረሻው አብረን ዘለቅነው።

ሲያልቅ ከመንገድ በኩል መኪና ጥሩምባውን ሦስት ጊዜ ነፋ። ሰውየው ተነሳ። ፊቴን አየ። ከዚያ ለጓደኞቹ «ይህች ናት» አላቸው። «ድምፅዋ ግን አስቀያሚ ነው።»

ሄዱ። ጋሼ በሩን ዘግተው ሲመለሱ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ላነሳቸው ስል «ተይኝ፣ ተይኝ» አሉና አለቀሱ። ቆርቆሮውን ስናነሳ ሴትየዋ ልጅቷን ደረቷ ላይ እንደለጠፈች ነበር። የልጇን አፍ በእጇ ሸፍና እንደነበር ነገረችኝ፤ ከዚያ ልጅቷ የኔን ድምፅ ስትሰማ ራሷ ዝም ስትል እጇን አነሳች። «ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አፍኛት ነበር» አለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ምንም አልተለወጠም።

ማክሰኞ ተኩሱ ቆመ። ረቡዕ አንድ ቄስ መኪና ይዘው ከቤት ወደ ቤት ሰው ሲሰበስቡ አገኘናቸውና እናትና ልጅ ተፈናቃዮች ወደሚጠለሉበት ቦታ ሄዱ። ስትሄድ ጋሼ ራሷ ላይ እጃቸውን አኑረው በግዕዝ ባረኳት። እኔን ደግሞ አቀፈችኝና ጆሮዬ ላይ «በሮቶው ውስጥ ሆኜ የሰማሁት ሽማግሌ ሰው መስሎኝ ነበር፤ እኚህ አባት ናቸው የሚዘምሩት ብዬ ነበር» አለችኝ። በዚያ ሁሉ መሃል የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወራት አልፈው ማንጋቴን በሚባለው የተፈናቃዮች ሰፈር መሆኗን ሰማሁና ሄድኩ። በላስቲክ በተሸፈነች ጎጆ ውስጥ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ትኖራለች። የባሏን ወሬ አላገኘችም። «የሞተ ከሆነ ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ» አለች። «ማን?» ስላት ወደ ላይ አየች። «እስካሁን አልነገረኝም። ስለዚህ በሕይወት እንዳለ አድርጌ እጸልይለታለሁ፤ እሱ ሌላ እስኪለኝ።» ይህን የምትለው ከኔ በዕድሜ የምታንስ ልጅ ናት። እኔ ለድምፄ ስንት ዓመት አኩርፌያለሁ።

ጋሼ ሆቴሉን ለእህታቸው ልጅ ሰጥተው ጎንደር ገቡ። እኔ ጁባ ነኝ። እሁድ እሁድ ወደ ሰዎቼ እሄዳለሁ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከሕዝቡ ጋር እዘምራለሁ፤ ከፊቴ ያሉት አንዳንዴ ዞር ብለው ያዩኛል። ደፋር አልሆንኩም። መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ እስከ ዛሬ ግድግዳ እጠጋለሁ። ልዩነቱ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ሳለሁ የማናግረው አለኝ።

ሴትየዋ ባለፈው ዓመት ልጇን ይዛ ወደ ጋምቤላ ተመለሰች። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው፤ አማርኛውንም የእናቷንም ቋንቋ እያቀላቀለች ትለፈልፋለች አለችኝ። «እስቲ ጸልዪላት» አለችኝና ስልኩን ልጅቷ ጆሮ ላይ አደረገችው። ጀመርኩ። መሃል ላይ እንደ ሁልጊዜው ኔትዎርኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አልገባ አለኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የቀረውን ጨረስኩት።